ድርሻውን ያልጠየቀው ሸሪክ

ባለፈው ሰሞን ቃሊቲ አካባቢ በአንድ ቡና ላኪ መጋዘን ቁጭ ብዬ ነበር። ላኪው በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ንግዱን ከወላጅ አባታቸው የተረከቡ ሰው ናቸው። ስለ ዋጋ ስንጨዋወት እስክሪብቶ አነሡና የወጪያቸውን ዝርዝር በቁራጭ ወረቀት ላይ ያሰፍሩልኝ ጀመር። የቡናው መግዣ፣ ማድረቂያና መፈልፈያ፣ ጆንያ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የጭነት መኪና፣ የመጋዘን ኪራይ፣ የለቃሚ ሴቶች ክፍያ፣ የደላላ፣ የባንክ ወለድ፣ እስከ ጅቡቲ ወደብ ያለው ጣጣ ሁሉ ተራ በተራ ተሰለፈ። ለጥበቃው የሚሰጡት የሻይ ገንዘብ እንኳ አልቀረም። ወረቀቱን አየት አድርጌ «ጋሼ፣ የጫካው ሒሳብ የቱ ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከት ብለው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ጫካ ደረሰኝ ይሰጣል እንዴ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ጫካ ደረሰኝ አይሰጥም። ሥራውን ግን ይሠራል። ቡናውን ከፀሐይ ያጠላል፣ አፈሩን ይይዛል፣ ዝናቡን ቀስ አድርጎ ወደ ምንጭ ያወርዳል፣ ንብ ያሳድራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገ በሽታ ሲመጣ የምንተማመንበትን ዘር በጉያው ይዞ ይጠብቃል። በንግድ ቋንቋ ካየነው ይህ ሸሪክ ነው። ካፒታል ያዋጣ፣ ሌት ተቀን የሚሠራ፣ ግን በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ሲከፋፈል ቀርቦ «ድርሻዬን ስጡኝ» የማይል ሸሪክ። እንዲህ ያለ ሸሪክ ያለው ነጋዴ ዕድለኛ ነው። የሸሪኩን መኖር ከዘነጋ ግን አንድ ቀን ካፒታሉ ተነሥቶ ሲሄድ፣ መጋዘኑ ለምን ባዶ እንደቀረ አይገባውም።

ውድ አንባቢያን፣ የደን ነገር በገበያ ገጽ ላይ ምን ዶለው ትሉ ይሆናል። በእኛ ሀገር ስለ ደን የሚጻፈው ክረምት ላይ ችግኝ ሲተከል ነው፤ እሱም ከፎቶግራፍ ጋር በፊተኛው ገጽ። ይህ ገጽ ለዶላር ምንዛሪ፣ ለሲሚንቶና ለዘይት የተተወ ነው። ይህ ጸሐፊም ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜ የምርት ግብዓቶች መሬት፣ ጉልበትና ካፒታል መሆናቸውን ተምሮ፣ ይህንኑ በፈተና ላይ ጽፎ አልፏል። መሬት ከተባለው ነገር ውስጥ ንብና ምንጭም እንዳሉበት ማንም አልነገረውም። (መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ።)

እስቲ ሁላችንንም ከሚያግባባን ቁጥር እንነሣ። በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከ460 ሺህ ቶን በላይ ቡና ወደ ውጭ ልካ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። እስከዚያ ዓመት ድረስ ታይቶ የማይታወቅ ገቢ ነበር። ከፊሉ ትጋት ነው፤ ከፊሉ ግን የዋጋ ዕድል ነው። የብራዚል ገበሬ በድርቅ በመመታቱ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የኒውዮርክ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። የሌላው ዝናብ ሲቀር የእኛ ኪስ ሞላ ማለት ነው። ተራው ወደ እኛ ቢዞርስ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ የቆመው አረቢካ በሚባል በአንድ የቡና ዝርያ ላይ ነው። የአረቢካ መገኛ በዋነኛነት የእኛ ደቡብ ምዕራብ ደን ነው፤ ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች፣ ኢሉባቦርና የጅማ ዙሪያ። እዚያ ዛሬም ቡና ማንም ሳይተክለው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል። የከፋና የያዩ የቡና ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግበዋል። ይህንን ብዙዎቻችን በኩራት እንናገራለን። ከኩራቱ በስተጀርባ ያለውን የንግድ ትርጉም የሚያሰላው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ከእኛ ሀገር ውጭ ያለው አረቢካ በአብዛኛው ከጥቂት ተክሎች የተባዛ ነው። ከየመን ወጥቶ ወደ ጃቫ፣ ከጃቫ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ አምስተርዳም የተወሰደ ቡና ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው የላቲን አሜሪካን ሰፋፊ እርሻዎች የሞሉት። በአጭሩ የዓለም ቡና የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ አንዱን የያዘ በሽታ ሌላውን አይምርም። ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ቡና ላኪ ሀገር ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ የቅጠል ዋግ ገብቶ እርሻውን አጠፋውና ሀገሩ ወደ ሻይ ዞረ። ዛሬ የሲሎን ሻይ እንጂ የሲሎን ቡና የሚል ሰው የለም። የተለያየ ጠባይ ያለው፣ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚድን የቡና ዘር በብዛት ያለው በእኛ ጫካ ውስጥ ነው።

ይህ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስል፣ እኛው ላይም ደርሶ አይተነዋል። ሲቢዲ እየተባለ የሚጠራው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ ፈንገስ ነው። የኬንያ ገበሬ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት በመድኃኒት ርጭት ሲታገለው ኖሯል። ርጭት ማለት ደግሞ ፓምፕ ነው፣ ኬሚካል ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ በሄክታር ከግማሽ የሚያንስ ማሳ ላለው የእኛ ገበሬ የሚታሰብ አልነበረም። የጅማ ምርምር ባለሙያዎች የያዙት መንገድ ሌላ ነው። በሽታው ክፉኛ በመታቸው ሥፍራዎች እየዞሩ ጎረቤቶቻቸው ሲረግፉ ሳይነኩ የቀሩ ዛፎችን ፈለጉ። ዛፎቹም ተገኙ። ዘራቸው ተለቅሞ፣ ተፈትሾ፣ ተባዝቶ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ለገበሬው መድረስ ጀመረ።

በስፔሻሊቲ ቡና ገበያ የሚውል ደላላ ሁሉ 74110 እና 74112 የሚሉትን ቁጥሮች ያውቃቸዋል። በከረጢት ላይ ተጽፈው፣ በናሙና ዝርዝር ላይ ሰፍረው ያያቸዋል። ቁጥሩ ምን እንደሆነ ስጠይቅ ብዙዎቹ «የዓይነቱ ኮድ ነው» ብለው አለፉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ 74 የሚለው እ.ኤ.አ. 1974 ማለት ነው፣ ዛፉ የተመረጠበት ዓመት። የተቀረው ተራ ቁጥር ነው። የሁለቱም እናት ዛፎች የተገኙት በኢሉባቦር መቱ አካባቢ ነው። እንግዲህ በዚያን ዘመን በመቱ ዙሪያ ያለው ደን ለሌላ ነገር ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ፣ በ1974 የሚለቀም ዘር አይኖርም ነበር። ዛሬ በኪሎ ጥሩ ዶላር የምንቆጥርበት ቡና የዚያ ጫካ ስጦታ ነው። ለስጦታው የተከፈለ ሳንቲም ግን የለም።

ሌላው ታሪክ ለነጋዴ ጆሮ ይበልጥ ይጎመዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጌሻ ከሚባለው የደቡብ ምዕራብ አካባቢ የተለቀመ ዘር በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ ኮስታሪካ ደረሰ፤ በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ። የተፈለገው በሽታ ይቋቋማል ተብሎ እንጂ ለጣዕሙ አልነበረም። ለዓመታት ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ቆይቶ በ2004 በፓናማ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣና በጨረታ በፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ። ያኔ ጉድ ተባለ። በ2025ቱ ጨረታ ደግሞ አንዲት አነስተኛ የጌሻ ዕጣ በኪሎ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ አወጣች። ሠላሳ ሺህ ዶላር፣ ለአንድ ኪሎ! ፓናማዎቹን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም፤ ነግደው ነው ያገኙት። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያው ደን ውስጥ ስማቸው ያልወጣ፣ ማንም ያልቀመሳቸው ስንት ጌሻዎች አሉ የሚለው ነው። ከዚያም ይልቅ ስንቱ በዚህ ዓመት ከሰል ሆነ የሚለው።

ስለ ዘሩ ይህን ያህል ካልን፣ የጫካውን ሌሎች አገልግሎቶች ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ማር አለ፣ ኮረሪማ አለ፣ ጥምዝ አለ፤ መርካቶ ቅመም ተራ የሚገባው ኮረሪማ ጥላ ይፈልጋል፣ ጥላውም ዛፍ ይፈልጋል። የጎጀብን ወንዝ የሚመግበው ውኃ ከእነዚሁ ከፍታዎች ይወርዳል፤ ጎጀብም ኦሞ ገብቶ ግልገል ጊቤ ሦስትን ከሚሞሉት ወንዞች አንዱ ነው። 1870 ሜጋ ዋት የተተከለበት ግድብ ነው። አፈሩ ከተራራው ላይ ታጥቦ ሲወርድ ሄዶ የሚተኛው ግድቡ ሥር ነው፤ ፋብሪካ ያለው አንባቢ መብራት ሲቆራረጥ ምን እንደሚከስር እኔ አልነግረውም።

ስለ ንብ ግን ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ በዶላር የተሰላ ማስረጃ አለ። በኮስታሪካ በአንድ ትልቅ የቡና እርሻ ላይ ተመራማሪዎች የአበባውን ጊዜ ተከትለው ቆጥረው፣ መዝነው እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከጫካ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ያለው ቡና ከራቀው ቡና 20 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጠ። ምክንያቱ ንቦቹ ከጫካው እየወጡ አበባውን ስለሚያገናኙት ነው። ሁለት ቁራጭ ጫካዎች ለዚያ አንድ እርሻ በዓመት 60 ሺህ ዶላር ያህል ያስገኙ ነበር ተብሎ ተሰላ። የእርሻው ባለቤት ለንቦቹ ደመወዝ አልከፈለም፤ የምርት ጭማሪው ግን በሒሳብ መዝገቡ ላይ በገቢ በኩል ተጽፎ ይገኛል። ጫካው ቢመነጠር ደግሞ ምርት ቀነሰ ይባላል እንጂ «ንብ ለቀቀች» ተብሎ አይጻፍም።

የተፈጥሮ ሥራ እስካለ ድረስ አይታይም፤ የሚታየው የቀረ ዕለት ነው። የቀረ ዕለት ምን እንደሚመስል ለማየት ለጊዜው ቡናውን ትተን ወደ ምሥራቅ ሐረርጌ እንሻገር። አወዳይ የጫት ገበያ የሚመላለስ ነጋዴ የሐረማያን ሐይቅ በመኪና መስኮት አይቶት ያውቃል፤ ወጣት ከሆነ ደግሞ አባቱ አይተውታል። ሐይቁ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ነበር፣ ለአካባቢው ዓሣ ነበር፣ ለጫትና ለአትክልት ማሳ መስኖ ነበር። ለሐይቁ የሚከፍል አልነበረም። የሞተር ፓምፕ የገዛ ገበሬ ወጪው ነዳጅ ብቻ ነው፤ እሱ ቢቆጥብ ጎረቤቱ ይስበዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ሳበ። በዙሪያው ያለው ኮረብታ በመራቆቱ ጎርፉ ደለል ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደርቆ ከብት ይሰማራበት ጀመር።

ከዚያስ? ሐረር ውኃ ጠፋባት። ጀሪካን የያዘ ሕዝብ ሰልፍ ቆመ፣ የቦቴ ውኃ ሸቀጥ ሆነ። በመጨረሻም ከድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውኃ እንዲመጣ ተደረገ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ደግሞ ከ1800 ሜትር በላይ። ውኃው ሽቅብ ይገፋል ማለት ነው። ከጎረቤት ሐይቅ ይገኝ የነበረው ነገር ዛሬ ረዥም ቧንቧ፣ ፓምፕ፣ መብራት፣ መለዋወጫና የብድር ወለድ ሆኗል። የሚገርመው ደግሞ በሀገር ምርት ስሌት ውስጥ ሐይቁ በሕይወት ሳለ ምንም ተብሎ አልተቆጠረም፤ የቧንቧው ዝርጋታ ግን እንደ ዕድገት ተመዘገበ። እኛ ኢኮኖሚስቶች አንዳንዴ የምንቆጥረው እንዲህ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሐይቁ ውኃ መልሶ መያዝ ጀምሯል፤ ደግ ዜና ነው። ሐረር በመሀሉ የከፈለችው ግን ተመልሶ አይመጣም።

የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ከሌላ ሥፍራ ውኃ ተፈለገለት። የቡና ጫካው ሲያልቅ ከየት ይፈለግለታል? ወደ ቡናው የምመለሰው በዚህ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ሰዎች ዘሩን በዘር ባንክ አስቀምጠን ጫካውን ብናለማው ምን ይጎዳል ይላሉ። ስንዴና ጤፍ ደርቀው በማቀዝቀዣ ለብዙ ዓመት ይቀመጣሉ። የቡና ዘር ግን እንደዚያ አይቆይም፤ የመብቀል ኃይሉ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ የቡና «ባንክ» ማለት በመስክ ላይ የተተከሉ፣ የሚኮተኮቱና የሚጠበቁ ሕያው ዛፎች ናቸው፤ በጅማ በኩል ጮጬ ላይ ያለው እንደዚህ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የተተከለው የተለቀመው ብቻ ነው፤ ጫካው ደግሞ ከአዲስ በሽታና ከአዲስ ሙቀት ጋር እየታገለ በየዓመቱ አዲስ ዘር የሚያወጣ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የእንግሊዙ ኪው የዕፅዋት ተቋምና የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ይላል። ያው ጥናት ቡናውን ወደ ከፍታ ማዛወርና ደንን መጠበቅ አንድ ላይ ከተሠራ ግን የሚመቸው መሬት እንዲያውም በብዙ እጥፍ ሊጨምር እንደሚችል ያሳያል። ሙቀት የሚችለውን ዘር ከየት እናመጣለን? እዚያው ጫካ ውስጥ ነው የምንፈልገው።

ለመሆኑ ይህ ዘር ስንት ብር ያወጣል? ተሞክሯል። ሄይንና ጋትዝቫይለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ጫካ ያለው የቡና ዘር ለዓለም የቡና ምርት በ30 ዓመት ውስጥ ሊሰጥ የሚችለውን ጥቅም ወደ ዛሬ ዋጋ መልሰው አሰሉት። የወደፊቱን ገንዘብ በዓመት 5 በመቶ ቢቀንሱት 1458 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በ10 በመቶ ቢቀንሱት 420 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ሆነ። ጫካው ያው ጫካ ነው፣ ዘሩም ያው ዘር ነው። አንድ ቢሊዮን ዶላር ያጠፋው የስሌቱ ትዕግሥት ማጣት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው ከዚህ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር በ5 በመቶ ሲሰላ ዛሬ 23 ብር ያህል ነው። በ10 በመቶ 6 ብር አይሞላም። በ15 በመቶ 1 ብር ከ50 ገደማ ነው። በባንክ ብድር የሚሠራ ነጋዴ ወለዱ የቱ ጋ እንዳለ እሱ ያውቃል። እንግዲህ በ15 በመቶ ወለድ ተበድሮ መሬት የያዘ ባለሀብት ጫካውን ለ30 ዓመት ጠብቅ ቢባል በራሱ ሒሳብ የሚያገኘው ከመቶ አንድ ብር ተኩል ነው። ግንዱን ዛሬ ቢሸጠው ግን ዛሬ ጥሬ ገንዘብ ነው። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሒሳብ ስለሚያውቅ ነው። ገበሬውም እንደዚሁ። ከጫካ ቡና በሄክታር የሚገኘው ምርት ተኮትኩቶ ከተተከለው በብዙ ያንሳል፤ ልጅ ትምህርት ቤት መላክ አለበት፤ ስለዚህ ጥላውን ያሳሳል፣ ሥሩን ይመነጥራል። እ.ኤ.አ. በ2001 የኒውዮርክ ዋጋ በፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ሲወርድ በሐረርጌ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለውን ገበሬ ማን ሊፈርድበት ይችላል? «ደን ይጠበቅ» የሚል ሰሌዳ በወለድ ላይ ሥልጣን የለውም።

ስለዚህ እያንዳንዳችን ለብቻችን በምናሰላው ሒሳብ ጫካው ይከስራል፤ ሁላችንም አብረን ስናሰላው ግን ያተርፋል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ገበያ ብቻውን አይዘጋውም። ነፃ ገበያ የሚለውን ነገር ከብዙ ሰው በላይ የምደግፍ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ዋጋ የሌለውን ዕቃ ገበያ ሊጠብቀው አይችልም፣ አያየውማ።

አሁን ደግሞ ገዢው ራሱ መጠየቅ ጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ ከዲሴምበር 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ የማሳውን መገኛ ነጥብ ይጠይቃል። ተግባራዊነቱ ደጋግሞ ተራዝሟል፤ በዚህ ምክንያት አንዳንድ ላኪዎቻችን «የነጮች ወሬ ነው፣ ይቀራል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጀርመን ከቀዳሚ ገዢዎቻችን አንዷ መሆኗን ያስታወሰ ሰው እንዲህ ባይዝናና ይሻለዋል። በእርግጥ ቅሬታውም መሠረት አለው። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ የማሳውን ነጥብ ለማስለካት ወጪውን ከየት ያመጣል? ከአምስት መቶ ገበሬ የለቀመ ሰብሳቢስ ጆንያውን በምን ይለየዋል? ሆኖም ይህ ለእኛ ከግዴታነቱ ይልቅ ዕድልነቱ ይበልጣል። ከጥላ ሥር፣ ከጫካ ውስጥ የሚለቀም ቡና እንደ እኛ ያለው ማነው?

ዕድሉን ያባከነው ደግሞ ማደባለቅ ነው። ምርት ገበያው እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ቡና ማገበያየት ሲጀምር የየአካባቢው ቡና በደረጃ እየተመደበ ተቀላቀለ፤ የጫካውም፣ የጓሮውም፣ የተመነጠረው መሬትም አንድ ጆንያ ገባ። ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ለውጥ በኋላ ግን መንገዱ ተከፍቷል፤ ላኪው ከአምራቹ ጋር ቀጥታ ተያይዞ ምንጩን ለይቶ መላክ ይችላል። የጫካ ቡናን ለብቻው ገዝቶ፣ ለብቻው አከማችቶ፣ በስሙ መሸጥ ለደላላም ለላኪም አዲስ ዕቃ ነው። ይህ ደግሞ ደኑን ይጠብቃል ወይ? በጅማ ዞን በበለጠ ገራ ደን ሁለት የጃፓን ኢኮኖሚስቶች ያካሄዱት ጥናት፣ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት በተሻለ ዋጋ የሚሸጠው የጫካ ቡና ያለበት ደን፣ ምስክር ወረቀት ከሌለው ይልቅ ከመመንጠር መትረፉን አሳይቷል። ልዩነቱ ትልቅ አይደለም፤ ግን አለ። ገበሬው ጫካውን የሚጠብቀው ጫካው ሲከፍለው ነው፤ እንደ ማንኛችንም።

በከተማ ተቀምጦ አክሲዮን የሚገዛው አንባቢም ከዚህ ውጭ አይደለም። የባንክ አክሲዮን ካለህ፣ ባንኩ ለቡና ላኪ ካበደረ፣ አንተም ከፋ ውስጥ ጫካ አለህ ማለት ነው። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ተከፍቷል፤ የባንኮች ሪፖርት ከድሮው በላይ ይነበባል። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከምሳው በፊት እጅን አውጥቶ «ለደን መሬት ያበደራችሁት ስንት ነው፣ መያዣውስ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስወጣም።

አንድ ተጨማሪ ሐሳብ አለኝ። ወደ ውጭ ከሚላከው ከእያንዳንዱ ኪሎ ቡና ላይ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ለጫካው ይቆረጥ። በ2017ቱ መጠን ይህ ከ4.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል። በዚያው ዓመት አማካይ የመሸጫ ዋጋ በኪሎ 5 ዶላር ተኩል ገደማ ስለነበር፣ አንድ ሳንቲም ከመቶ ሁለት አሥረኛ አይሞላም፤ በናሙና ምክንያት ብቻ ከዚህ የበለጠ የሚባክን ይመስለኛል። በዚህ ገንዘብ በደኑ ውስጥ ያሉት ማኅበራት የሚጠብቁበትን ይከፈላቸዋል፣ የጮጬ ዛፎች ይኮተኮታሉ፣ ያልተቀመሱት ዓይነቶች ይመዘገባሉ።

ይህን ሒሳብ ሠርቼ ለቃሊቲው ላኪ ስልክ ደወልኩላቸው። አንድ ሳንቲሙን አልተቃወሙም። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ገንዘቡን ማን ይይዘዋል?» አሉኝ። የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። በእኔ አስተያየት ወደ ጠቅላላው የመንግሥት ካዝና ከገባ ጫካው አያየውም፤ ላኪዎች ብቻቸውን ከያዙትም ገበሬው አያየውም። በተለየ የባንክ ሒሳብ ተቀምጦ፣ ላኪዎችና የደን ማኅበራት በእኩል ድምፅ የሚፈርሙበት፣ በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ውጤቱ በጋዜጣ የሚወጣ ቢሆን ይሻላል። ይህንኑ ነገርኳቸው። «ኦዲተሩስ ጫካ ገብቶ ያያል?» ብለው እንደገና ሳቁ። ይገባል አልኳቸው፤ የዝናቡ ወራት ሲያልፍ፣ ቀዩ ፍሬ ሲለቀም፣ አብረን እንሂድና እርስዎም ይዩት አልኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ነግደው ያያዩ ጫካ ገብተው እንደማያውቁ የነገሩኝ ያኔ ነው።